ለእኩዮቼ፦ በመቶኛው አትጽናኑ

ይህን የምጽፈው ለወጣት መምህራን አይደለም። ለእነርሱ መካሪ ሞልቷል፤ ምክር የበዛባቸው፣ ደመወዝ ያነሰባቸው ሰዎች ናቸው። የምጽፈው ለእናንተ ለእኩዮቼ ነው፤ ጠመኔ ስንጨብጥ ለሸበትነው፣ ርዕሰ መምህርም ሱፐርቫይዘርም የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊም ሆነን አገልግለን ዛሬ ጡረታ ላይ ለምንገኝ። በወላጅ መምህር ኅብረቱ፣ በትምህርት ቤቱ ቦርድ፣ በሰፈሩ ሽምግልና ላይ አሁንም ወንበር ይሳብልናል። ስንናገር እንሰማለን። ስለዚህ ስንስማማ ስምምነታችን ይቆጠራል፤ ዝም ስንልም ዝምታችን ይቆጠራል።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ላይ እየተስማማን መስሎኛል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር «ተመስገን፣ ዘንድሮ ከፍ ብሏል» እንባባላለን። ቁጥሩን እንየው። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ማለትም ከ896 ሺህ ገደማ ተማሪዎች መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 በመቶ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 ሆነ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ወጣ። ሲያዩት መሰላል ይመስላል።

ነገር ግን የላይኛውን ቁጥር ስናይ የታችኛውን አንርሳ። በ2017 የተፈተኑት 586 ሺህ ገደማ ናቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከ300 ሺህ በላይ ተፈታኝ ከዝርዝሩ ወጥቷል። ያለፉትን 48,929 ተማሪዎች ለመጀመሪያው ዓመት የተፈታኝ ቁጥር ብናካፍላቸው አምስት ተኩል በመቶ እንኳ በቅጡ አይሞሉም። የሒሳብ መምህር የነበራችሁ ይህን ለማየት የእኔ እርዳታ አያስፈልጋችሁም። የጎደሉት ልጆች የት ናቸው? በአማራ ክልል በግጭቱ የተነሣ በሩ የተዘጋ ትምህርት ቤት ስንት እንደሆነ እዚያ ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቃል። ትግራይ ውስጥ አንድ ትውልድ ሙሉ የትምህርት ዓመታት በጦርነቱ አልፈውታል። መቶኛው የቀረውን ልጅ አይቆጥርም።

«የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች እኮ ይሻላሉ» የሚለኝ አለ። እውነት ነው፤ ከ29,909ኙ 22,936 የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ነበሩ፤ በዘርፋቸው ከመቶ ሰባት የማይሞሉ ማለት ነው። ከመቶ ዘጠና ሦስቱ አሥራ ሁለት ዓመት ተምረው ግማሹን መመለስ ካልቻሉ ይህ መሻል አይባልም።

አንድ ነገር ግን አልክድም፤ ፈተናው ታማኝ ሆኗል። በ2008 ዓ.ም. ግንቦት የፈተናው ወረቀት አስቀድሞ ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ከተዘራና ፈተናው ከተሰረዘ በኋላ፣ ኩረጃም እንደ ባህል በተያዘበት አገር፣ ልጆቹን ግቢ አስገብቶ በእኩል መፈተን ከባድ ሥራ ነው፤ የሠሩትም ይመስገኑ። ዳሩ ግን ፈተና ይለካል እንጂ አያስተምርም። መለኪያውን አርመን ማስተማሩን ካላረምን በየዓመቱ ልጆችን ሰብስበን እንዳልተማሩ እየነገርን መሸኘት ብቻ ነው የሚተርፈን። የእኔ ማስጠንቀቂያ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

እንቅልፍ የሚነሣኝ ያላለፉት ወዴት እንደሚሄዱ ነው። ከፊሉ በማካካሻው የሬሜዲያል ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ ከፊሉ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል፣ ብዙው ቤቱ ይቀራል። ከፊሉ ደግሞ ወደ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ይላካል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ይኸው ወጣት ሰባተኛ ክፍል ቆሞ ስለ ኃይልና ስለ እንቅስቃሴ፣ ስለ አቶምና ስለ ሕዋስ ያስተምራል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ዘመን አሥረኛ ክፍል ላይ አገር አቀፍ ፈተና ነበር፤ ጥሩ ያመጣው መሰናዶ ይገባል፣ ያነሰው ወደ ኮሌጅ ሄዶ በአሥር ሲደመር ሦስት ዲፕሎማውን ይይዝና ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያስተምራል። የመሰናዶን ፊዚክስ ክፍል ገብቶ ያልተማረ ወጣት፣ ብዙ ጊዜም በፊዚክስ ትምህርት ክፍል የተመደበው ፈልጎ ሳይሆን ቦታው ስላልሞላ፣ ለልጆቻችን የመጀመሪያው የፊዚክስ መምህር ሆነ። በወጣቱ አልፈርድም፤ የተሰጠውን ሥራ ሠራ። የምፈርደው በአመዳደቡ ላይ ነው።

ገበሬ ከአውድማው ምርጡን ለዘር ያስቀምጣል፤ ልጆቹ ቢርባቸው እንኳ የዘሩን ጎተራ አይከፍትም። እኛ ምርጡን ለሕክምናና ለምሕንድስና ሰጥተን፣ የተረፈውን ዘራን። ከዚያ አዝመራው ሲቀጥን ወቀሳው ለልጆቹ ሆነ፤ «የዘንድሮ ልጅ አያነብም፣ ስልክ ላይ ተጥዶ ይውላል» እንላለን። ስልኩ የራሱ ጥፋት አለው። ግን በ2014 ከ2,959 ትምህርት ቤቶች በ1,161ዱ አንድም ተማሪ አላለፈም። በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁሉም ልጅ ሰነፍ ሊሆን አይችልም።

አሁን ደግሞ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ነገሩን አንድ ደረጃ አክብዶታል። ቀድሞ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ለየብቻ ይሰጡ ነበር፤ አሁን «አጠቃላይ ሳይንስ» በሚል ተዋሕደዋል። ሐሳቡን አልጠላም። ልጅ ዓለምን በትምህርት ክፍል ከፋፍሎ አያይም፤ ውሃ ሲፈላ ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም አንድ ላይ ነው። ነገር ግን የሠለጠነው መምህር በትምህርት ክፍል የተከፋፈለ ነው። ባዮሎጂ የተማረችው መምህርት አሁን የኤሌክትሪክ ዑደትንም ታስተምራለች፤ ፊዚክስ የተማረው ስለ አበባ ብናኝ ያስረዳል። መጽሐፉን ከመቀየር በፊት፣ ቢያንስ አብሮ፣ ሁለት ሦስት ክረምት የፈጀ ሥልጠና ያስፈልግ ነበር። ጥቂት ቀን ሆቴል ውስጥ ተሰብስቦ የሚሰጥ ገለጻ ሥልጠና አይባልም፤ አበሉን ተቀብለን ስንመለስ ምን ይዘን እንደምንመለስ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለ ቤተ ሙከራ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ ያረጀ ቂም አለኝ።

ብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዞሬአለሁ። «ቤተ ሙከራ» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ አለ፤ በሩ ተቆልፏል። ሲከፈት ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቢከሩ፣ ማይክሮስኮፑ፣ አንዳንዴም ከነካርቶኑ ያልተፈታ ኪት ተደርድሯል። ለምን አትጠቀሙም ሲባል የመጀመሪያው መልስ «ኬሚካል የለም» ነው። ሁለተኛው መልስ ግን ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው፤ ንብረቱ በሞዴል 22 ፈርሞ በወሰደው ሰው ስም ነው፣ ከተሰበረ ተጠያቂ አለ። የመስታወት ዕቃ ደግሞ በሰማንያ ተማሪ መካከል ሳይሰበር አይቀርም። እንግዲህ መምህሩ ብልህ ነው፤ አይፈርምም። አገር ለሳይንስ ገንዘብ አውጥቶ ዕቃ ይገዛል፣ የንብረት አያያዛችን ዕቃውን ከልጁ ይጠብቃል። ቢከር እንደ ጠመኔ አላቂ ዕቃ ተብሎ ይመዝገብ የሚል አንዲት መስመር መመሪያ ስንት ማይክሮስኮፕ ከሣጥን እንደሚያወጣ አስቡት።

ሦስተኛው መልስ ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ «ፈተና ላይ አይመጣም»። ልክ ናቸው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናችን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ምርጫ ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ሙከራ ሠርቶ የማያውቅ ልጅና እጁን በአሲድ ያቀለመ ልጅ እኩል ያጠቁራሉ። ጎረቤታችን ኬንያ ያደረገችውን እዩ። በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዋ ውስጥ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ሦስተኛው ወረቀት የተግባር ነው፤ ተማሪው ፈተናው ቀን ዕቃ ይዞ ይለካል፣ ያቀላቅላል፣ ያየውን ይጽፋል። እንዲህ ሲሆን የገጠሩ ትምህርት ቤት እንኳ ቢያንስ ለፈተናው ሲል ቤተ ሙከራውን መክፈት ግድ ይለዋል። ኬንያ በዚህ ብቻ አልቆመችም፤ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በጃፓን እርዳታ የሒሳብና የሳይንስ መምህራንን በሥራ ላይ ስታሠለጥን ቆይታለች፤ ሥልጠናው መምህሩ ሰሌዳ መገልበጥ ትቶ ልጁን እንዲያሠራ የሚያስገድድ ነበር። ሁሉ ነገር ተሳክቶላታል አልልም። ግን ፖሊሲው ከፈተናው ጋር ተያይዟል፤ የእኛው ግን በየፊናው ነው።

ውድ ዕቃ የግድ ነው የሚለኝም አይጠፋም። ከርከዴ ቀቅሎ ማጥለል፣ አንዱ ብርጭቆ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ሌላው ላይ የአመድ ውሃ መጨመር፤ ቀለሙ ሲለወጥ ልጁ አሲድና ቤዝን በዓይኑ አየ ማለት ነው። ያየው ልጅ በዓመቱም አይረሳውም። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ጊዜና ድፍረት ያለው መምህር ነው። በአርባ ደቂቃ፣ ሰማንያ ልጅ ፊት፣ ለሦስት ሰው የሚደርስ አንድ መጽሐፍ ይዞ፣ ምዕራፉ እንዲያልቅ ቼክሊስት የሚሞላበት መምህር ከርከዴ ይዞ አይገባም።

ቋንቋውንም እናንሣው፤ ብዙዎቻችሁ ፖለቲካውን ፈርታችሁ ታልፉታላችሁ። ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው መማሩ ትክክል ነው፤ በዚህ አልደራደርም። ኦሮሚያና ትግራይ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሳይንሱን በልጁ ቋንቋ ማስተማራቸው ልጁን ጠቅሞታል። ችግሩ ያለው ከዘጠነኛ ክፍል በር ላይ ነው። ሰኔ ላይ በቋንቋው ይማር የነበረ ልጅ መስከረም ላይ ፊዚክሱንም፣ ኬሚስትሪውንም፣ ባዮሎጂውንም በአንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጋፈጣል። መምህሩም ቢሆን እንግሊዝኛው ከመጽሐፉ ያለፈ ስላልሆነ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ አስረድቶ በእንግሊዝኛ ያጽፋል። ልጁ ያስረዱትን ትቶ የጻፈውን ይሸመድዳል፤ ፈተናው የሚመጣው በጻፈው ቋንቋ ነውና። እንግሊዝኛው ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የሳይንስ ጽሑፍ ለማንበብ በሚያበቃ መንገድ ካልተሰጠ፣ ወይም የአፍ መፍቻው ቋንቋ ወደ ላይ ካልተዘረጋ፣ በመሀል የሚወድቀው ልጅ ነው። ሁለቱንም አለመምረጥ እንደ ጥንቃቄ ሊቆጠርልን አይገባም።

አሁን ደግሞ ስለ እኛ ልማድ ልናገር። እኛ ፖሊሲ ከላይ ሲወርድ አጨብጭበን መቀበል፣ ሲወድቅም «ድሮም ነግሬ ነበር» ማለት እንወዳለን። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት በውስጡ ጠቃሚ ሐሳብ ነበረው፤ መምህሩና ወላጁ ሳይመከሩበት ስለተዘጋጀ ግን የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ የተሸረበ ተንኮል ተደርጎ ተወሰደ። የካቲት 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ጥናቱም ቀረ፤ የቀረው ታሪክ ይታወቃል። በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ገባ። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት እየመጣ፣ መምህሩ ለመግቢያና ለማጠቃለያ ጥቂት ደቂቃ እየተሰጠው፣ ልጆቹ በፍጥነት የሚያልፈውን እንግሊዝኛ እየተመለከቱ ተቀመጡ። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋ ነበር። በ2001 ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰባ በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ተባለ፤ ሰባውን የሚያዘጋጀው የሰባተኛ ክፍል መምህር ግን እዚያው በነበረበት ቀረ።

ሦስቱ አንድ ጠባይ አላቸው፤ ሁሉም ከላይ ነው የጀመሩት፣ ሁሉም መምህሩን ዘለው ወደ ልጁ ለመድረስ ሞክረዋል። የ2015ቱ አዲስ የትምህርት ፖሊሲ በዚያው መንገድ እንዳይሄድ ነው ሥጋቴ። ስድስት ዓመት አንደኛ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ የሚለው አከፋፈል በራሱ ልጅ አያስተምርም።

ከሩቅ አገር አንዲት ምሳሌ ላንሣ፤ ፊንላንድንና ሲንጋፖርን ትቼ በድህነት ትመስለን የነበረችውን ቬትናምን። በ2012 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ፒሳ በተባለው ዓለም አቀፍ ፈተና ስትሳተፍ በሳይንስ 528 ነጥብ አምጥታ ብዙ ሀብታም አገሮችን በልጣለች። ለጥንቃቄ ያህል፣ የተለኩት ትምህርት ቤት የነበሩት ብቻ ናቸው፤ ከዐሥራ አምስት ዓመት ልጆቿ ከግማሽ ትንሽ በላይ። ቢሆንም ከእኛ ጋር በአንድ ጥናት ውስጥ ጎን ለጎን የተጠኑ ልጆች አሏት፤ «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያን፣ የሕንድን፣ የፔሩንና የቬትናምን ልጆች ተከታትሏል። የቬትናሙ ልጅ በአንድ ዓመት ትምህርት የሚማረው ከሌሎቹ ይበልጣል። ቬትናም የጀመረችው ከታች ነው፤ ለድሃ ወረዳዎች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከዚህ በታች አይወረድም የሚል ወለል አስቀምጣ፣ መምህሩ በየቀኑ ክፍል መገኘቱን እየተቆጣጠረች። ሰባ በመቶ ወደ ሳይንስ የሚል ኮታ አላስፈለጋትም።

እኩዮቼ በአንድ ነገር ይዘልፉኛል። «በእኛ ጊዜ ማትሪክ ማትሪክ ነበር» ይሉኛል። በእኛ ጊዜ ሳይንስ ያስተማሩን ሕንዶችና በ1955 መምጣት የጀመሩት የሰላም ጓድ አሜሪካውያን ነበሩ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለነው ጥቂት ነበርን፣ ሴት ልጅ ደግሞ በጣት የምትቆጠር። የገበሬ ልጅ ብዙው ከብት ይጠብቅ ነበር። በ1986 ዓ.ም. አካባቢ አንደኛ ደረጃ የነበሩት ቢበዛ ሦስት ሚሊዮን ያህል ናቸው፤ በሩብ ምዕተ ዓመት ውስጥ ወደ ሃያ ሚሊዮን ደረሱ። ያንን የጥቂቶች ትምህርት ቤት መመኘት የዛሬውን ልጅ ወደ ከብቱ መመለስ ነው። ሃያ ሚሊዮን ማስገባታችን ትክክል ነበር። ያላስገባነው ሃያ ሚሊዮኑን የሚያስተምር መምህር ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ስለ መቶኛው ማውራት ትታችሁ ስለ ሰባተኛ ክፍል እንድታወሩ ነው። ክልሉ ወደ መምህራን ኮሌጅ የሚያስገባበትን ነጥብ ጠይቁ፤ ሳይንስ ማስተማር ለሚመርጥ ጎበዝ ልጅ የተለየ ድጎማና የተለየ ደመወዝ እንዲኖር ተሟገቱ፤ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ መባሉ በስም እንዳይቀር ተከታተሉ። የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ላይ ከመቶ አሥር ነጥብ እንኳ ለተግባር ሥራ ይያዝ በሉ። ከእናንተ መካከል ጉልበት ያላችሁ ቅዳሜ ጠዋት በአቅራቢያችሁ ያለ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ለወጣቱ መምህር አንድ ሙከራ አሳዩት፤ አበል አትጠይቁ።

በሚቀጥለው የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ሁለት ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። የሰባተኛ ክፍልን ሳይንስ የሚያስተምረው መምህር በምን ሠለጠነ? የቤተ ሙከራው ቁልፍ ማን ዘንድ ነው፣ መጨረሻ የተከፈተው መቼ ነው? መልሱ ቃለ ጉባኤው ላይ ካልሰፈረ፣ ቃለ ጉባኤውን አትፈርሙ።